ሁለተኛው ገዢ ማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ጠረጴዛዬ ላይ የተከመሩት ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ውሉን ጨርሶ ገበያ ሲወጣ ዋጋው የሚታወቀው በምንድን ነው? ለአዲስ አንባቢያን ያህል፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የትምህርት ቤታችንን የቅርጫት ኳስ ቡድን ያሠለጠንኩ ጡረተኛ ነኝ። አባቴ በግ ነጋዴ ነበር። ይህን የማነሳው ለወግ አይደለም፤ ከታች ያስፈልገኛል። ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ ወሮቹ ግን የእኛው ናቸው፤ ገንዘቡም ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በ2025 ክረምት በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ የሆነውን አይተን ከመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ጋር ተጣልተናል። የብሩክሊኑ ካም ቶማስ በ2024-25 በአማካይ 24 ነጥብ አስቆጥሮ ያገኘው የአንድ ዓመት 6 ሚሊዮን ገደማ ነው። የቺካጎው ጆሽ ጊዲ 14.6 ነጥብ አስቆጥሮ ለአራት ዓመት 100 ሚሊዮን ተፈረመለት። ጓደኛዬ “ቡድኖቹ ኳስ አያውቁም” ይላል፤ እኔ ደግሞ “የቶማስ ወኪል ደካማ ነው” እላለሁ። ማናችን ልክ ነን? ዋጋውን አስቀድሞ መገመትስ ይቻላል?

መልስ፦ ልጄ፣ ማናችሁም ልክ አይደላችሁም። ነገር ግን ጥሩ ምሳሌ መርጣችኋልና አስታርቃችኋለሁ።

አባቴ በግ ተራ ሲወስደኝ ስምንት ዓመቴ ነበር። ገዢ መጥቶ በጉን ሲይዝ እጁ የሚሄድበት ቅደም ተከተል አይለወጥም፤ መጀመሪያ ወገቡን ይዳስሳል፣ ቀጥሎ ላቱን በመዳፉ ይመዝናል፣ በመጨረሻ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። አባቴ ግን በጉን ከመፍታቱ በፊት የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነበር። ከመንገዱ ዳር የቆመውን ደላላ ጠርቶ “ዛሬ ከአዲስ አበባ ስንት መኪና መጣ?” ይለዋል። ሦስት መኪና ከመጣ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይጠራል። አንድ መኪና ብቻ ከመጣ ፊቱ ይጠቁራል። በሁዳዴ አጋማሽ በ35 ብር የሸጠው ሙክት ወንድም ለፋሲካ ዋዜማ 60 ብር ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱም ከአንድ በረት የወጡ፣ በላት የማይበላለጡ ነበሩ።

እንግዲህ ተጫዋችም ሁለት ቁጥር አለው። አንደኛው በእጅ የሚዳሰሰው ነው፤ ለቡድን ምን ያህል ድል ያመጣል? ሁለተኛው የመኪናው ነው፤ ገንዘብ ይዞ የመጣው ማን ነው? እናንተ የተጣላችሁት በመጀመሪያው ቁጥር፣ ያውም በአንዲት ጥጉ፣ በነጥብ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን እንሥራው። ወረቀትና እርሳስ ያዝ። በኤንቢኤ 30 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱ 82 ጨዋታ ያደርጋል። በአንድ የውድድር ዓመት 1,230 ጨዋታ፣ ስለዚህም 1,230 ድል አለ ማለት ነው፤ ለአንድ ቡድን ሲካፈል 41። ሊጉ ለአንድ ቡድን የዓመት ደመወዝ የሚያስቀምጠው ወሰን የደመወዝ ጣሪያ ይባላል፤ የ2025-26ቱ 154.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። አሁን አንድ ባለቤት ገንዘቡን ቆጥቦ በዝቅተኛው ደመወዝ ብቻ 15 ሰው ቢሰበስብስ? አንዱን በ2 ሚሊዮን ብንይዘው 30 ሚሊዮን ያወጣል። እንዲህ ያለው ቡድን በዓመት 10 ጨዋታ ያሸንፋል እንበል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው፣ 8ም ብትለው አልጣላህም። ከዚያ በላይ ያለውን 31 ድል የሚገዛው የቀረው 124.6 ሚሊዮን ነው። ስታካፍለው አንዱ ድል ወደ 4 ሚሊዮን ይመጣል። ብዙዎቹ ቡድኖች ከታች በማሳይህ መንገድ ከጣሪያው በላይ ስለሚያወጡ የገበያው ትክክለኛ ዋጋ ከዚህ ከፍ ይላል። ለመነሻ ግን 4ን ያዝ።

ቀጥሎ ተጫዋቹ ስንት ድል ያመጣል? ስሙን አንጥራውና ምሳሌ እንፍጠር። 28 ዓመቱ ነው፤ በጨዋታ 30 ደቂቃ፣ በዓመት 70 ጨዋታ ይሰለፋል። እሱ ሜዳ ላይ ሲኖር ቡድኑ በ100 የኳስ ይዞታ (ኳስ ይዞ በሚያጠቃበት አንድ መቶ ዙር) ከመካከለኛ ተጫዋች ጋር ከሚያገኘው በ2 ነጥብ ይሻላል። በዝቅተኛ ደመወዝ ከመንገድ የሚገኘው ተጫዋች ደግሞ ከመካከለኛው በ2 ነጥብ ያንሳል ተብሎ ይያዛል። ስለዚህ ልዩነቱ 4 ነጥብ ነው። አንድ ጨዋታ በግምት 100 ይዞታ አለው፤ እሱ ግን ከ48 ደቂቃ 30ውን፣ ከ82 ጨዋታ 70ውን ብቻ ነው ያለው። 4ን በነዚህ ብታበዛው በጨዋታ ወደ 2.1 ነጥብ ይቀራል። በጨዋታ አንድ ነጥብ ብልጫ በዓመቱ መጨረሻ ወደ 2.7 ድል ስለሚሆን ልጁ 5.7 ድል አመጣ። በ4 ሚሊዮን ብታባዛው 23 ሚሊዮን፣ በባዶ ቦታም ቢሆን የሚከፈለውን 2 ሚሊዮን ስትጨምርበት 25 ሚሊዮን። ወገቡን ዳስሰን፣ ላቱን መዝነን ጨረስን ማለት ነው።

ጥርሱ ቀረ። ውሉ ለአራት ዓመት ከሆነ የምትገዛው የ28 ዓመቱን ልጅ ሳይሆን የ29ኙን፣ የ30ውን፣ የ31ዱንና የ32ቱን ሰው ነው። ያለፈውን ዓመት ማንም መልሶ አይጫወትልህም። ከ28 በኋላ በየዓመቱ ግማሽ ነጥብ ያህል ብትቀንስለት ያ 2 በአራተኛው ዓመት ወደ ዜሮ ይጠጋል። ይህን የሚያካክሰው የደመወዝ ጣሪያው በየዓመቱ ከፍ ማለቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ነጥብ እንመለስ። ኳስ ወደ ቅርጫት መወርወር ነጻ አይደለም፤ አንዱ በወረወረ ቁጥር ሌላው አልወረወረም። እኔ ካሠለጠንኳቸው ልጆች ውስጥ በየጨዋታው ሃያ ነጥብ የሚያስቆጥር አንድ ነበር፤ ሠላሳ ጊዜ ይወረውር ነበር። እሱ በታመመበት ሳምንት አሸነፍን። ቶማስ እንዲህ ነው አላልኩም፤ ግን ዓመቱን በጉዳት ምክንያት 25 ጨዋታ ብቻ እንደ ተጫወተ ደብዳቤህ አልጠቀሰም። በ70 ፋንታ 25ን አስገብተህ ስሌቱን ድገመው። ጊዲ በበኩሉ ከነጥቡ ሌላ በጨዋታ 8.1 ሪባውንድ (የሳተ ኳስ መያዝ) እና 7.2 አሲስት (ነጥብ የሆነ ቅብብል) ነበረው፤ ዕድሜውም 22 ነበር፤ ጥርሱ ገና ወተት ነው።

ይህ ሁሉ ግን የጉዳዩ ግማሽ ነው። ትልቁ ግማሽ የመኪናው ነው።

ከጣሪያው በላይ የሆነ ቡድን የፈለገውን ያህል ሀብታም ቢሆን ከውጭ ተጫዋች በፈለገው ዋጋ መግዛት አይችልም። ሕጉ የተከፈተ ጠባብ በር ይተውለታል፤ በ2025-26 ያ በር 14.1 ሚሊዮን ነው። ወጪው ይበልጥ ያበጠው 5.7 ሚሊዮን ብቻ ማቅረብ ይችላል። ከ207.8 ሚሊዮን መስመር ያለፈው ከዝቅተኛ ደመወዝ በቀር ምንም የለውም። የራስን ተጫዋች ለማስቀረት ግን ጣሪያውን ማለፍ ይፈቀዳል፤ ይህ መብት በድሮው የቦስተን ኮከብ በላሪ በርድ ስም ይጠራል።

እንግዲህ ያ የ25 ሚሊዮን ልጃችን ገበያ ወጣ። ገንዘብ ያላቸው ሁለት ቡድኖች ካሉ ይጎትቱትና 25ን ያልፋል። አንድ ብቻ ካለስ? ያ አንዱ የሚፎካከረው ከ14.1 ሚሊዮኑ በር ጋር ነው። ታዲያ ለምን 25 ይከፍላል? 16 ቢል ልጁ ወዴት ይሄዳል? ዋጋውን የሚቆርጠው ከሁሉ የሚወድህ ገዢ ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ ያለው ነው። ሁለተኛው ገዢ።

የ2025 ገበያ የተከፈተው በአሜሪካ ሰኔ 23 አመሻሽ ላይ ነው፤ ለእኛ ለ24 አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት። ዕለቱ ሰኞ ነበር፤ ሰኔና ሰኞ የገጠመባቸውም ቶማስን የመሰሉት ናቸው። ምክንያቱም በዚያ ክረምት ጣሪያው ሥር ሰፊ ባዶ ቦታ የነበረው ቡድን አንድ ብቻ ነበር፤ ብሩክሊን። ያም የቶማስ የራሱ ቡድን ነበር! የመጣችው አንዲት መኪና የገዛ ጎረቤቱ መኪና ሆነች ማለት ነው። በዚያ ላይ እሱም ጊዲም ገደብ ያለባቸው ነጻ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ሌላ ቡድን ዋጋ ቢሰጥ እንኳ ባለቤቱ ያንኑ ዋጋ ከፍሎ ማስቀረት ይችላል። ስለዚህ ውጪ ያለው ደክሞ ዋጋ አይሰጥም፤ ገንዘቡን አሳስሮ ሲያበቃ ባዶ እጁን መመለስ ማን ይፈልጋል? ቶማስ ወደ መስከረም ድረስ ጠብቆ በሕግ የሚገባውን የአንድ ዓመት ውል ፈረመ። ወኪሉ መልአክ ቢሆንም ሁለተኛ ገዢ አይፈጥርም።

“ጊዲስ ሁለተኛ ገዢ ነበረው?” ትለኛለህ። እምብዛም። ግን ቺካጎ እሱን ለማግኘት በ2024 አሌክስ ካሩሶን ሰጥታለች፤ ከለቀቀችው ደግሞ ያንን 25 ሚሊዮን ይዛ ሌላ ሰው መግዛት አትችልም፤ ጣሪያው ይከለክላታል። የሻጭ ችግር እንዳለ ሁሉ የገዢም ችግር አለና እሱን መገመት ደግሞ በሒሳብ ሳይሆን በሰው ጠባይ ነው።

ደብተር አለኝ፤ በየዓመቱ ገበያው ሳይከፈት ግምቴን እጽፍበታለሁ። በ2021 ስለ ጀርመናዊው ዴኒስ ሽሩደር በዓመት 18 ሚሊዮን ብዬ ጽፌ ከጎረቤቴ ጋር በአንድ ኪሎ ቡና ተወራረድኩ። ከዚያ በፊት ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ የቀረበለትን የአራት ዓመት 84 ሚሊዮን ገደማ እንዳልተቀበለ ተዘግቦ ስለ ነበር ግምቴ ድፍረት አልመሰለኝም። በኮሮና ምክንያት ዘግይቶ በሐምሌ መጨረሻ ገበያው ሲከፈት ገንዘብ የነበራቸው ቡድኖች አንድ በአንድ ሌላ ሰው ገዝተው ጨረሱ። እሱ ከቦስተን ጋር ለአንድ ዓመት በ5.9 ሚሊዮን ፈረመ። የመጀመሪያውን ቁጥር ሠርቼ ሁለተኛውን ሳልሠራ ቀርቼ ነው፤ ቡናውን ከፍያለሁ።

ጥያቄ፦ ተጫዋቾቹ እንዲህ በነጻነት የሚሸጡት ከመቼ ጀምሮ ነው? (ከእነዋሪ)

መልስ፦ ከ1988 ጀምሮ። ከዚያ በፊት ውል ያለቀበት ተጫዋች እንኳ የቡድኑ ንብረት ያህል ነበር። የተጫዋቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ኦስካር ሮበርትሰን በ1970 ክስ መሥርቶ በ1976 በስምምነት ተቋጨ፤ በሩ የተገረበበው ያኔ ነው። ያለ ምንም ገደብ ቡድን በመቀየር የመጀመሪያው ቶም ቻምበርስ ነው፤ በ1988 ከሲያትል ወደ ፊኒክስ ሄደ። ጣሪያው የመጣው በ1984-85 ሲሆን ያኔ ለአንድ ቡድን በሙሉ 3.6 ሚሊዮን ነበር። ዛሬ ያ ገንዘብ ለአንድ ተቀያሪ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። ልጄ ስለ ደቡብ ሱዳኑ ሉኦል ዴንግ ሲያወራ በ2016 ሌከርስ 72 ሚሊዮን ከፍሎት በሁለተኛው ዓመት አንድ ጨዋታ ብቻ አጫወተው አለኝ። ስንት ባለሙያ ያለው ቡድን እንዴት እንዲህ ይሳሳታል? እኛ እንኳ በግ ስንገዛ ጥርስ እናያለን።

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው፤ ጥርስ ማየቱ ላይ እርስዎም ልክ ነዎት። ነገሩን ለመረዳት ግን ከጥርሱ በፊት ገበያውን ይመልከቱ።

በ2015-16 ጣሪያው 70 ሚሊዮን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የ24 ቢሊዮን ዶላር የቴሌቪዥን ውል ሥራ ላይ ሲውል ጣሪያው በአንድ ጊዜ ወደ 94.1 ሚሊዮን ዘለለ። ሊጉ ጭማሪውን በየዓመቱ ቀስ በቀስ እናድርገው ብሎ ነበር፤ የተጫዋቾቹ ማኅበር አልተቀበለም። ውጤቱ ምን ሆነ? በዚያ ክረምት ውሉ ያለቀለት ሁሉ ለፋሲካ ዋዜማ የቀረበ ሙክት ሆነ። የገዢው ብር በአንድ ሌሊት በሲሶ አደገ፤ የበጉ ቁጥር ያው ነው። ሁለተኛ ገዢ ብቻ ሳይሆን አሥረኛ ገዢ ነበረ። ግርግር ለሌባ ያመቻል ይባላል፤ እዚህ ላይ የተጠቀመው ሌባ ሳይሆን ዕድለኛ ነው።

ሌከርስ 17 አሸንፎ 65 የተሸነፈበትን ዓመት ጨርሷል፤ ኮቤ ብራያንት ጡረታ ወጥቶ ኪሱ ሞልቷል፤ ኮከቦቹ ግን ሊመጡለት አልፈለጉም። ገበያው በተከፈተ በሰዓታት ውስጥ በጨዋታ 6.3 ነጥብ ለነበረው ለሩሲያዊው ቲሞፌ ሞዝጎቭ ለአራት ዓመት 64 ሚሊዮን ሰጠ። ቀጥሎ ለዴንግ 72። ሞዝጎቭን ከዓመት በኋላ ለማስወገድ ሲል በ2015 ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠውን ወጣት ዲአንጄሎ ረስልን አብሮ ለብሩክሊን ሰጠ። በጉን ለመመለስ ጊደር መጨመር ይሉታል ይህ ነው።

ስለ ዴንግ ግን ፍርዴ የተለየ ነው። ሲፈረምለት 31 ዓመቱ ነበር፤ ይህን ሁሉም አይቷል። ያላዩት ሰኮናውን ነው። ቺካጎ ሳለ ሁለት ዓመት በተከታታይ በሊጉ ከማንም የበለጠ ደቂቃ በጨዋታ የተሰለፈ እሱ ነበር። መንዝ ውስጥ ከሁለት በጎች አንዱ ጉያ ሥር ያደገ፣ ሌላው በየቀኑ ገደል ሲወርድና ሲወጣ የኖረ ከሆነ ጥርሳቸው አንድ ቢሆንም አንድ ዋጋ እንደማይጠሩ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ዕድሜ ብቻውን የተሟላ መለኪያ አይደለም፤ በእግሩ ያለፈው ደቂቃ ይቆጠር።

በነገራችን ላይ ልጅዎ ይህንንም ይወቅ። ዴንግ ዋው ተወልዶ በጦርነቱ ምክንያት ከቤተሰቡ ጋር ወደ ግብፅ ሄዶ ኳሱን ከኤንቢኤው ተጫዋች ከማኑት ቦል የተማረ ሰው ነው። በኋላም የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ አገሩን ለፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ አበቃ። ከዚያ በፊት በነበረው የወዳጅነት ጨዋታ አሜሪካ ደቡብ ሱዳንን ያሸነፈችው 101 ለ100 ነው። ያን ምሽት ተኝቼ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ይቆጨኝ ነበር።

የ2016ቱ ይደገማል ወይ? በዚያ መልክ አይመስለኝም። አሁን ሕጉ ጣሪያው በአንድ ዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ ይከለክላል። የ11 ዓመቱ 76 ቢሊዮን ገደማ የቴሌቪዥን ውል በ2025-26 ሲጀምር ጣሪያው ከ140.6 ወደ 154.6 ሄደ፤ ልክ 10 በመቶ። ፋሲካው ለዓመታት ተከፋፍሎ እንዲውል ተደርጓል።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ዳቦ ቤት አለኝ። ማታ ማታ ከልጆቼ ጋር ጨዋታውን አያለሁ። 50 ሚሊዮን ሲባል ያን ሁሉ እጁ ይገባል? የባለ 50 ሚሊዮኑ ዋጋስ ከዚያ በላይ መሄድ አይችልም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ግብር የሚከፍል ሰው ጥያቄ ነው። የፌዴራሉ የገቢ ግብር ከፍተኛው እርከን 37 በመቶ ነው። ከደመወዙ 10 በመቶውም በአደራ ተይዞ የዓመቱ ገቢ ከተሰላ በኋላ ለማን እንደሚሄድ ይወሰናል። ካሊፎርኒያ የራሷን ግብር እስከ 13.3 በመቶ ትጨምራለች፤ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ደመወዝ ላይ የክልል ግብር የላቸውም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ውል በሁለት ከተማ አንድ ዓይነት ገንዘብ አይደለም፤ ነገር ግን ተጫዋቹ በእንግድነት በተጫወተባቸው ክልሎችም ስለሚከፍል ልዩነቱ ሰው እንደሚያወራው አይሰፋም። የወኪሉም ድርሻ አለ።

ለሁለተኛው፦ ገደብ አለ። በሊጉ እስከ 6 ዓመት የቆየ ከጣሪያው 25 በመቶ፣ ከ7 እስከ 9 የቆየ 30፣ 10ና ከዚያ በላይ የቆየ 35 በመቶ ነው ከፍተኛው መነሻ። በ2025-26 ይህ ከ38.7 እስከ 54.1 ሚሊዮን ነው። ከላይ ለተማሪው ባሳየሁት ስሌት 20 ድል የሚያመጣ ኮከብ ከ80 ሚሊዮን በላይ ያወጣ ነበር፤ አያገኘውም። ስለዚህ በሊጉ ውስጥ ከሁሉ ርካሹ ሸቀጥ ከሁሉ በላይ የሚከፈለው ሰው ነው። የኒውዮርኩ ጄለን ብራንሰን ደግሞ በ2024 አንድ ዓመት ቢጠብቅ ለአምስት ዓመት 269 ሚሊዮን ማግኘት ሲችል ለአራት ዓመት በ156.5 ሚሊዮን ፈረመ። ጓደኞቹ በአጠገቡ እንዲኖሩ ቦታ መተዉ ነበር። በየትኛው ደብተር እንደማስገባው አላውቅም።

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከሸዋ ሮቢት ነው። የ19 ዓመት ልጄ ቁመቱ 1 ሜትር ከ98 ነው፤ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በአንድ ክለብ ስም የሁለት ዓመት ውል አምጥቶ “እስከ እሁድ ካልፈረመ ሌላ ልጅ እንወስዳለን” ብሎናል። ደመወዙ ለእኛ ብዙ ነው። ይፈርም ወይስ ይቆይ? ባለፈው ዓመት ጉልበቱን ታሞ ነበር፤ አሁን ደኅና ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ምክንያት አለኝ።

ካሠለጠንኳቸው አንድ ልጅ ነበር፤ ኳስ ሲይዝ የትምህርት ቤቱ ግቢ ጸጥ ይል ነበር። አንድ ክለብ መጥቶ ወሰደው። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ ያሉት ሰዎች ያኔ አልነበሩም። ደመወዙ ወረቀት ላይ ነበር፤ ሕክምናው፣ መኝታውና ትምህርቱ ግን በአፍ። ላም አለኝ በሰማይ። በስድስተኛው ወር ጉልበቱ ዞረበት፤ በሰባተኛው ወር መናኸሪያ ሄጄ ከአውቶቡስ ስቀበለው ሻንጣውን የያዘለት ሹፌሩ ነበር። ወሩ ሰኔ ነው፤ ያጠለቀው ክፍት ጫማ ነበር። ለሕክምናው ገንዘብ ያዋጣነው የመምህራን ክፍል ነው። ውሉን ያላነበብኩት እኔ ነበርኩ፤ ሒሳብ አስተማሪው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያቺ “እስከ እሁድ” ታስቆጣኛለች። ገዢ የሚያስቸኩለው ሁለተኛው ገዢ እንዳይመጣ ሲፈራ ነው። አባቴ “አሁኑኑ ካልሸጥክልኝ እሄዳለሁ” የሚለውን ሁሉ “በሰላም ግባ” ይለው ነበር፤ ከአምስቱ አራቱ በግ ተራውን አንድ ዙር ዞረው ይመለሳሉ። አምስተኛው ሲሄድ ግን በእውነት ይሄዳል፤ ይህንንም አልደብቅዎትም።

ይህን ያድርጉ። ነገ ለሌሎች ሁለት ክለቦች ልጁ ሲጫወት የተቀረጸ ምስል ይላኩ፤ በስልክ የተነሳም ይበቃል። አንዳቸው አነስተኛ ዋጋ ቢያቀርቡ እንኳ ሰውዬው በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውል ድምፁ ይለወጣል። ደመወዙን ለማስጨመር ብዙ አይጨነቁ፤ ልጁ 19 ዓመቱ ነው፣ ጥርሱ ገና ነው። የሁለት ዓመቱን ውል ወደ አንድ ማሳጠር ከወር ጭማሪ ይበልጥበታል። ጥሩ ከተጫወተ በሚቀጥለው ዓመት ከብዙ ገዢ ፊት ይቆማል። ለሁለት ዓመት ከታሰረ ጥሩ የተጫወተበት ዓመት የክለቡ ትርፍ ነው። ክለቡ ሁለት ዓመቱን አልለቅም ካለ ግን ሁለተኛው ዓመት ቢጎዳም የሚከፈል መሆኑ ይጻፍ። በኤንቢኤ አብዛኛው ውል ዋስትና ያለው ነው፤ ሚሊዮኑ ትልቅ የሚሆነውም በዚህ ነው። በጉዳት ጊዜ ሐኪም ቤት የሚከፍለው ማን እንደ ሆነና ደመወዙ ለስንት ወር እንደሚቀጥል በወረቀት ይስፈር። ትምህርቱም እንዲሁ።

ጉልበቱን አይደብቁ። የተነሳውን ራጅ ይዘው ይቅረቡ፤ የተደበቀ ሕመም በኋላ ውል ማፍረሻ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ሳልወጣ ቤት አለሁ። ውሉን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን መስመር በመስመር እናነበዋለን፤ አድራሻዬን ዝግጅት ክፍሉ ይሰጣችኋል። ልጁ ጋቢ ይልበስ። እዚህ እንደ ሸዋ ሮቢት አይደለም፤ ያን ቁመት የሚሸፍን ብርድ ልብስ ደግሞ ቤቴ የለም።